የኦሃዮን ምክር ቤት የተገዳደሩት ከንቲባ

አንድ ከተማ የራሱን የትራንስፖርት ታሪፍ ለመወሰን፣ የራሱን የፖሊስ ኃላፊ ለመሾም፣ የራሱን መብራት ኃይል ለማቋቋም ከሌላ ከተማ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል? ነዋሪው በድምፁ የመረጠው ከንቲባ የገባውን ቃል እንዳይፈጽም፣ ነዋሪው ያልመረጣቸው የሩቅ ወረዳ እንደራሴዎች ሊከለክሉት ይገባል? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል፡፡ ዛሬም አልተቋጨም፡፡ በዚህ ክርክር ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ ከሚነሳ ሰዎች አንዱ፣ ከ1901 እስከ 1909 በኦሃዮ ግዛት የምትገኘው የክሊቭላንድ ከተማ ከንቲባ የነበሩት ቶም ሎፍቲን ጆንሰን ናቸው፡፡ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፡፡)

የጆንሰን ታሪክ የሚገርመው ከንቲባ ከመሆናቸው በፊት በተቃራኒው ወገን የቆሙ ሰው መሆናቸው ነው፡፡ ከከተሞች ፈቃድ እየወሰዱ፣ በዚያ ፈቃድ ሚሊየነር የሆኑ የባቡር ባለሀብት ነበሩ፡፡ ጨዋታውን ከውስጥ ያውቁታል፡፡ በኋላ ላይ የተዋጉት ራሳቸው ሀብት ያፈሩበትን ሥርዓት ነው፡፡

ከ88 ዶላር የተጀመረ ሀብት

ጆንሰን የተወለዱት ሐምሌ 18 ቀን 1854 በኬንታኪ ግዛት፣ ጆርጅታውን ከተባለች ከተማ አቅራቢያ ነው፡፡ አባታቸው ባሪያዎች የነበሯቸው የጥጥ እርሻ ባለቤት ሲሆኑ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡቦቹ ጎን ተሰልፈዋል፡፡ ጦርነቱ በ1865 በደቡቦቹ ሽንፈት ሲያበቃ ቤተሰቡ ባዶ እጁን ቀረ፡፡ በዚያን ጊዜ ቤተሰቡ በቨርጂኒያ ግዛት ስታንተን በተባለች ከተማ ተጠልሎ ነበር፡፡ ቶም ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ፡፡

ወደ ስታንተን የሚገባው ባቡር አንድ ብቻ ነበር፡፡ ትንሹ ቶም የባቡሩን ተቆጣጣሪ ተወዳጁና ጋዜጣ ይዘው የመግባት ብቸኛ ፈቃድ አገኙ፡፡ ሌላ ልጅ በባቡሩ ጋዜጣ ማምጣት ስለማይችል ዋጋውን የሚተምኑት እሳቸው ነበሩ፡፡ በአምስት ሳምንት ውስጥ 88 የብር ዶላር አገኙ፡፡ ተቆጣጣሪው ሲቀየር ግን ንግዱ በአንድ ቀን ቆመ፡፡ ያ ገንዘብ ቤተሰቡን ወደ ሉዊቪል ከተማ አሻገረ፡፡ ለልጁ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ያልረሳውን ትምህርት ሰጠው፡፡ ብዙ ትርፍ የሚገኘው በብዙ ሥራ ሳይሆን ሌላው እንዳይገባበት በተከለለ ገበያ መሆኑን፣ ያንን ገበያ የሚከልለው ደግሞ ሥልጣን ያለው ሰው መሆኑን ጆንሰን በ11 ዓመታቸው አወቁ፡፡

ትምህርት ቤት በአግባቡ የተማሩት አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው፡፡ በ1869፣ በ15 ዓመታቸው፣ የዱፖን ቤተሰብ አባላት በሉዊቪል በነበራቸው የከተማ ባቡር ኩባንያ ውስጥ ተቀጠሩ፡፡ በዚያ ዘመን የከተማ ባቡር ማለት በሐዲድ ላይ በፈረስ ወይም በበቅሎ የሚጎተት ተሽከርካሪ ነው፡፡ ጆንሰን በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ሳንቲሙ ከተጣለ በኋላ በመስታወት ውስጥ የሚታይ፣ ለማጭበርበር የማይመች የታሪፍ መሰብሰቢያ ሣጥን ፈለሰፉ፡፡ ከፈጠራው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር አገኙ፡፡ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ሳሉም ከአሠሪዎቻቸው በተበደሩት ገንዘብ ታግዘው የኢንዲያናፖሊስን የከተማ ባቡር ገዙ፡፡

በ1879 ፊታቸውን ወደ ክሊቭላንድ አዞሩ፡፡ እዚያ የጠበቃቸው ማርክ ሃና የተባለ ብርቱ ተፎካካሪ ነበር፡፡ ሃና የድንጋይ ከሰልና የብረት ነጋዴ፣ የከተማ ባቡር ባለቤት፣ በኋላም ዊልያም ማኪንሌይን በ1896 ለፕሬዚዳንትነት ያበቃ የሪፐብሊካን ፓርቲ መሪና ሴናተር የሆነ ሰው ነው፡፡ ሁለቱ ሰዎች በመጀመሪያ በሐዲድ፣ በኋላ በምርጫ ሳጥን ለ25 ዓመታት ያህል ተፋጠዋል፡፡ ጆንሰን ከክሊቭላንድ ሌላ በዲትሮይትና በብሩክሊን የባቡር መስመሮች ነበሯቸው፡፡ በጆንስታውንና በሎሬይን የብረት ሐዲድ ፋብሪካዎች አቋቁመዋል፡፡

ባቡር ላይ የተገዛ መጽሐፍ

በ1880ዎቹ መጀመሪያ ጆንሰን በባቡር ሲጓዙ መጽሐፍ የሚያዞር ልጅ የኢኮኖሚ ተመራማሪውን የሄንሪ ጆርጅን አንድ መጽሐፍ አቀረበላቸው፡፡ ጆንሰን ርዕሱን ዓይተው ስለ ማኅበራዊ ብልሹነት የተጻፈ ስብከት መስሏቸው አልፈለጉትም ነበር፡፡ የባቡሩ ተቆጣጣሪ እንዲያነቡት ስለወተወታቸው ገዙት፡፡

ሄንሪ ጆርጅ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፡፡ የከተማ መሬት ዋጋ የሚያድገው ባለቤቱ ስለሠራ ሳይሆን ሕዝቡ በዙሪያው ስለሰፈረ ነው፡፡ ስለዚህ ግብር በሰው ድካም ላይ ሳይሆን በመሬት ዋጋ ላይ ሊጣል ይገባል፡፡ ከመንግሥት በተገኘ ልዩ መብት የሚሰበሰብ ትርፍም የሕዝብ ነው፡፡ ጆንሰን ሁለተኛውንና ዋናውን የጆርጅን መጽሐፍ ካነበቡ በኋላ ለጠበቃቸው ሰጥተው ስህተቱን እንዲያወጣላቸው ጠየቁት፡፡ ጠበቃው ስህተት ሊያገኝ ቀርቶ ራሱ አመነ፡፡ ጆንሰን ያነበቡት ነገር የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ በስታንተን ባቡር ላይ ያዩትን በሥርዓት የሚያብራራ ሆኖ አገኙት፡፡

ከጆርጅ ጋር በአካል ከተገናኙ በኋላ ጸሐፊው ወደ ፖለቲካ እንዲገቡ መከራቸው፡፡ በ1888 ለአሜሪካ ኮንግረስ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ተወዳድረው ተሸነፉ፡፡ በ1890ና በ1892 አሸነፉ፡፡ በኮንግረስ ቆይታቸው ብዙዎችን ያስደነቀው ከውጭ በሚገባ የብረት ሐዲድ ላይ የተጣለው ቀረጥ እንዲነሳ መከራከራቸው ነው፡፡ ያ ቀረጥ የሚጠብቀው የራሳቸውን ፋብሪካ ነበርና፡፡ በ1894 ምርጫ ተሸነፉ፡፡ በ1897 ሄንሪ ጆርጅ ለኒውዮርክ ከንቲባነት ሲወዳደር ዘመቻውን መሩ፡፡ ጆርጅ ግን ምርጫው ቀናት ሲቀሩት ሞተ፡፡ ከዚያ በኋላ ጆንሰን የንግድ ድርሻዎቻቸውን እየሸጡ ሙሉ ጊዜያቸውን ለፖለቲካ ሰጡ፡፡

ከተማ የማን ፍጡር ነው?

ጆንሰን ሚያዝያ 1901 ላይ የክሊቭላንድ ከንቲባ ሆነው ሲመረጡ ከተማዋ ከ381 ሺሕ በላይ ሕዝብ የነበራት፣ በአሜሪካ በትልቅነት ሰባተኛ ነበረች፡፡ የብረት ፋብሪካዎቿ፣ ወደቧና የነዳጅ ማጣሪያዎቿ ከአውሮፓ በሚፈልሱ ሠራተኞች ተጨናንቀዋል፡፡ ዘመኑን ለማስታወስ ያህል የአድዋ ድል ከተገኘ አምስት ዓመቱ ነበር፡፡

ይህች ትልቅ ከተማ ግን በሕግ ዓይን እንደ ልጅ የምትቆጠር ነበረች፡፡ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ከተሞች የሚለው ነገር የለም፡፡ ሥልጣን በፌዴራል መንግሥትና በግዛቶች መካከል የተከፋፈለ ነው፡፡ ከተማ ከግዛቱ በታች ያለ ነገር ነው፡፡ ይህን በግልጽ ሕግ ያደረጉት የአዮዋ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ጆን ዲሎን ናቸው፡፡ ዲሎን በ1868 በሰጡት ፍርድ፣ በ1872 ደግሞ ስለ ከተሞች ሕግ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከተማ የግዛቱ ምክር ቤት ፍጡር መሆኑን አስረዱ፡፡ የፈጠረው ምክር ቤት ሊያፈርሰው ይችላል፡፡ ከተማው ያለው ሥልጣን በግልጽ የተሰጠው፣ ከዚያ በቀጥታ የሚከተለውና ያለዚያ ሊኖር የማይችለው ብቻ ነው፡፡ ጥርጣሬ ከተነሳ ጥርጣሬው በከተማው ላይ ይተረጎማል፡፡ ይህ ‹‹የዲሎን ደንብ›› በመባል ታወቀ፡፡ ዲሎን ደንቡን ያወጡት ያለ ምክንያት አልነበረም፡፡ በዚያን ጊዜ ከተሞች ለባቡር ኩባንያዎች ቦንድ እየሸጡ በዕዳ ይዘፈቁ ነበር፡፡

በሌላ በኩል ራስን በራስ የማስተዳደር ጥያቄም ተነስቷል፡፡ ሚዙሪ በ1875 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ትልልቅ ከተሞች የራሳቸውን ቻርተር እንዲጽፉ ስትፈቅድ የመጀመሪያዋ ሆነች፡፡ ሴንት ሉዊስ በ1876 ቻርተሯን አጸደቀች፡፡ ካሊፎርኒያ በ1879 ተከተለች፡፡ ኦሃዮ ግን አልተከተለችም፡፡

የኦሃዮ ሁኔታ አስገራሚ ነበር፡፡ የ1851 የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ለአንድ ከተማ ብቻ የተለየ ሕግ እንዳያወጣ፣ ከተሞችን በጠቅላላ ሕግ እንዲያደራጅ ያዛል፡፡ ምክር ቤቱ ይህን ለመሸሽ ዘዴ አበጀ፡፡ ከተሞችን በሕዝብ ብዛት በ‹‹ክፍል›› እና በ‹‹ደረጃ›› እየለየ፣ ለእያንዳንዱ ትልቅ ከተማ ብቻውን የሚቆምበት ምድብ ፈጠረለት፡፡ ሲንሲናቲ የአንደኛ ክፍል አንደኛ ደረጃ፣ ክሊቭላንድ የአንደኛ ክፍል ሁለተኛ ደረጃ፣ ቶሌዶ የአንደኛ ክፍል ሦስተኛ ደረጃ ነበሩ፡፡ እንግዲህ ‹‹የአንደኛ ክፍል ሁለተኛ ደረጃ ከተሞች›› የሚል ሕግ ሲወጣ በስም ጠቅላላ ነው፤ በተግባር ግን ክሊቭላንድን ብቻ ይመለከታል፡፡ በዚህ መንገድ ከኮሎምበስ የትኛውም ከተማ ላይ የትኛውም ነገር ሊታዘዝ ይችል ነበር፡፡

የግብር ትግል

ጆንሰን ሥራ ሲጀምሩ በመጀመሪያ የያዙት የንብረት ግብርን ነው፡፡ በከተማዋ የአንድ ሠራተኛ ትንሽ ቤት ከእውነተኛ ዋጋው ጋር የተቀራረበ ግምት ሲሰጠው፣ የባቡር፣ የጋዝና የመብራት ኩባንያዎች ንብረት ደግሞ ከዋጋው በጣም ባነሰ ይገመት ነበር፡፡ ጆንሰን ፒተር ዊት የተባለውን ሰው ቀጥረው ‹‹የግብር ትምህርት ቤት›› የተባለ ቢሮ ከፈቱ፡፡ ቢሮው እያንዳንዱን ሰፈር በትልቅ ካርታ ላይ እየሳለ፣ የእያንዳንዱን ቦታ ግምት ጽፎ ለሕዝብ ሰቀለ፡፡ ጎረቤት የጎረቤቱን ግምት ከራሱ ጋር አነፃፀረ፡፡ ሰው ንዴቱን ይዞ ወደ ከተማው አዳራሽ መጣ፡፡

በዚህ ድጋፍ የከተማው የግምት አስተካካይ ቦርድ የኩባንያዎቹን ንብረት ግምት ከፍ አደረገ፡፡ ኩባንያዎቹ በከተማው አልተከራከሩም፡፡ ወደ ኮሎምበስ ሄዱ፡፡ የግዛቱ ባለሥልጣናት ጭማሪውን ሰረዙላቸው፡፡ ምክር ቤቱም የከተማውን ቦርድ አፍርሶ በምትኩ አባላቱ በግዛቱ ባለሥልጣናት የሚሾሙ ሌላ ቦርድ በሕግ አቋቋመ፡፡ የግብር ትምህርት ቤቱም በፍርድ ቤት እግድ ገንዘብ እንዳያገኝ ተደረገ፡፡ የክሊቭላንድ ሕዝብ የመረጠው ከንቲባ በክሊቭላንድ ውስጥ ግብርን ፍትሐዊ ማድረግ አልቻለም፡፡ ጆንሰን ከዚህ በኋላ ትግሉ በከተማው አዳራሽ ውስጥ እንዳልሆነ ተረዱ፡፡ ቁልፉ ያለው ኮሎምበስ ነበር፡፡

የ1902 ፍርድ

ነገሩን ወደ ጫፍ ያደረሰው ግን ከሌላ ከተማ የመጣ ክስ ነው፡፡ በቶሌዶ ሳሙኤል ጆንስ የተባሉ፣ በደግነታቸው የታወቁ ከንቲባ ነበሩ፡፡ ምክር ቤቱ የቶሌዶን ፖሊስ ከጆንስ እጅ አውጥቶ ገዢው ለሚሾማቸው ኮሚሽነሮች የሚሰጥ ሕግ አወጣ፡፡ ጆንስ አላስረክብም አሉ፡፡ ጉዳዩ ለኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ፡፡ በተመሳሳይ ጊዜ የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የክሊቭላንድን አስተዳደር በመቃወም ክስ መሠረቱ፡፡ ክሊቭላንድ የምትተዳደረው በ1891 ለእሷ ብቻ በወጣ፣ ኃላፊነትን በከንቲባውና ከንቲባው በሚሾማቸው የመምሪያ ኃላፊዎች ላይ ባደረገ ሕግ ነበር፡፡

ሰኔ 26 ቀን 1902 ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሰጠ፡፡ ጆንስ አሸነፉ፡፡ የቶሌዶ ፖሊስ ሕግ ለአንድ ከተማ ብቻ የወጣ በመሆኑ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተባለ፡፡ ነገር ግን በዚሁ ምክንያት የክሊቭላንድ ሕግም ፈረሰ፡፡ ምክር ቤቱ ለ50 ዓመት ሲሠራበት የኖረው የምድብ ዘዴ በአንድ ቀን ተናደ፡፡ በዚህም የኦሃዮ ከተሞች በሙሉ የሚተዳደሩበት ሕግ መሠረቱ ተናጋ፡፡ ጆንሰን የምክር ቤቱን ዘዴ ይቃወሙ የነበሩ ቢሆንም በውጤቱ የተጎዱት ከሁሉ በፊት እሳቸው ናቸው፡፡

ገዢው ጆርጅ ናሽ ምክር ቤቱን በነሐሴ ወር ለልዩ ስብሰባ ጠሩ፡፡ በጥቅምት 1902 አዲስ የከተሞች ሕግ ወጣ፡፡ ሕጉ በእርግጥ ጠቅላላ ነበር፡፡ 5 ሺሕ ነዋሪ ያላትን የገጠር ከተማና ወደ 400 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ያላትን ክሊቭላንድ በአንድ ዓይነት አደረጃጀት ውስጥ አስገባቸው፡፡ ሥልጣንን ከከንቲባው ወስዶ ለቦርዶች በታተነው፡፡ ለሁሉም አንድ ልክ ልብስ እንደ መስፋት ነበር፡፡ ለአንዱ ይሰፋል፣ ለሌላው ይጠባል፡፡

ጆንሰን ምላሻቸውን በምርጫ ለመስጠት ወሰኑ፡፡ በ1903 ለኦሃዮ ገዢነት ተወዳደሩ፡፡ የዘመቻቸው ዋና ጥያቄዎች ሁለት ነበሩ፤ ፍትሐዊ ግብርና የከተሞች ራስን በራስ ማስተዳደር፡፡ ትልቅ የሰርከስ ድንኳን ይዘው ከከተማ ከተማ ዞሩ፡፡ ድንኳኑን የወደዱት ተቃዋሚም ሆነ ደጋፊ ገብቶ ፊት ለፊት ጥያቄ ስለሚጠይቃቸው ነበር፡፡ ጥያቄ ይወዱ ነበር፡፡ ሆኖም ገጠሩ አልተከተላቸውም፡፡ በሪፐብሊካኑ ማይረን ሄሪክ ከ100 ሺሕ በላይ በሆነ የድምፅ ልዩነት ተሸነፉ፡፡ በዚያው ምርጫ እያንዳንዱ አውራጃ፣ የሕዝቡ ብዛት የቱንም ያህል ቢያንስ፣ በታችኛው ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ተወካይ እንዲኖረው የሚያዝ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጸደቀ፡፡ ማሻሻያው ከማርክ ሃና ስም ጋር ተያይዞ ይጠራል፡፡ የትልልቅ ከተሞች ድምፅ በኮሎምበስ የበለጠ ተዳከመ፡፡

የሦስት ሳንቲም ጦርነት

ጆንሰን በገዢነት ምርጫ ቢሸነፉም ክሊቭላንድ በ1903፣ በ1905ና በ1907 መልሳ መረጠቻቸው፡፡ በዙሪያቸው ያሰባሰቧቸው ሰዎች ችሎታ የነበራቸው ናቸው፡፡ የከተማው ጠበቃ ኒውተን ቤከር በኋላ በፕሬዚዳንት ዊልሰን ዘመን የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር ሆነዋል፡፡ የበጎ አድራጎትና የማረሚያ ጉዳይ ኃላፊው ሃሪስ ኩሊ ቄስ ነበሩ፡፡ መቀጮ መክፈል አቅቷቸው ብቻ የታሰሩ ድሆችን ከማረሚያ አስፈቱ፡፡ ለእስረኞች፣ ለአረጋውያንና ለሕሙማን ከከተማው ውጪ በእርሻ መሬት ላይ መኖሪያ ሠሩ፡፡ ጎዳናዎች ተነጠፉ፣ የወተትና የሥጋ ቁጥጥር ተጀመረ፣ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ተከፈቱ፡፡ በመናፈሻዎች የነበረው ሣር አትርገጡ የሚል ማስታወቂያ ተነሳ፡፡ የከተሞችን ሙስና በማጋለጥ የታወቀው ጋዜጠኛ ሊንከን ስቴፈንስ በ1905 ጆንሰንን በአሜሪካ ካሉ ከንቲባዎች ሁሉ የተሻሉ፣ ክሊቭላንድንም በመልካም አስተዳደር የምትመራ ከተማ አድርጎ ገለጻቸው፡፡

ትልቁ ትግል ግን የባቡር ታሪፍ ነበር፡፡ የከተማዋ የባቡር ኩባንያ የሚያስከፍለው 5 ሳንቲም ነው፡፡ ጆንሰን ሥራውን ከውስጥ ስለሚያውቁት በ3 ሳንቲም ሊያተርፍ እንደሚችል ያምኑ ነበር፡፡ በመጨረሻ የሚፈልጉት ባቡሩ የከተማው ንብረት እንዲሆን ነው፡፡ ይህን ግን የኦሃዮ ሕግ አይፈቅድም፡፡ ከተማው ባቡር የመግዛት ሥልጣን ከምክር ቤቱ አልተሰጠውምና፡፡ ስለዚህ ጆንሰን ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ያዙ፡፡ በ3 ሳንቲም የሚያሠራ ተፎካካሪ ኩባንያ እንዲቋቋም ፈቃድ ሰጡ፡፡ ነባሩ ኩባንያ ደግሞ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት እያመላለሰ ከ50 በላይ የእግድ ትዕዛዞችን አስወጣባቸው፡፡ አዲስ ሐዲድ ሲነጠፍ እግድ፣ የቆየ ሐዲድ ሲነሳ እግድ ነበር፡፡

ከሰባት ዓመት በኋላ በሚያዝያ 1908 ጆንሰን ያሸነፉ መሰሉ፡፡ ሁለቱ ኩባንያዎች ተዋሕደው ለሕዝብ ጥቅም በአደራ ለሚያስተዳድር አዲስ ኩባንያ ተከራዩ፡፡ በመጀመሪያው ቀን ሕዝቡ በነፃ ተሳፈረ፡፡ ደስታው ግን አልቆየም፡፡ በግንቦት የነባሩ ኩባንያ ሠራተኞች ቃል የተገባላቸውን የደመወዝ ጭማሪ ጠይቀው ሥራ አቆሙ፡፡ አዲሱ አስተዳደር ወጪ ለመቀነስ አገልግሎት ማሳጠሩ ተሳፋሪውን አስከፋ፡፡ በጥቅምት 1908 ነዋሪው ሕዝበ ውሳኔ ሰጠ፡፡ ከ75 ሺሕ ገደማ ድምፅ ውስጥ ጆንሰን የተሸነፉት በ605 ድምፅ ልዩነት ነው፡፡

በቀጣዩ ዓመት የፌዴራል ዳኛው ሮበርት ቴይለር የስምምነት ሐሳብ አዘጋጁ፡፡ ከተማው አገልግሎቱን ይቆጣጠራል፤ ባለአክሲዮኖች 6 በመቶ ብቻ ያገኛሉ፤ ታሪፉ በ3 ሳንቲም ይጀምራል፡፡ ነዋሪው ይህን በየካቲት 1910 አጸደቀው፡፡ የጆንሰን ሐሳብ በከፊል የተፈጸመ ቢሆንም እሳቸው በዚያን ጊዜ ከንቲባ አልነበሩም፡፡ በኅዳር 1909 ምርጫ በሄርማን ቤር ተሸንፈዋል፡፡ ሀብታቸው በአብዛኛው አልቋል፡፡ በዩክሊድ ጎዳና ላይ የነበረውን ሰፊ መኖሪያቸውን ለቀው በአነስተኛ ቤት ይኖሩ ነበር፡፡ በመጨረሻዎቹ ወራት እየታመሙ የሕይወት ታሪካቸውን አስጻፉ፡፡ ሚያዝያ 10 ቀን 1911 በ56 ዓመታቸው አረፉ፡፡ የተቀበሩት በኒውዮርክ ብሩክሊን፣ ከሄንሪ ጆርጅ መቃብር አጠገብ ነው፡፡

ከሞት በኋላ የመጣ ድል

ጆንሰን ሲሞቱ የከተሞች ጥያቄ አልሞተም፡፡ በ1912 ኦሃዮ የሕገ መንግሥት ጉባዔ አካሄደች፡፡ የጉባዔው ፕሬዚዳንት የሲንሲናቲው ቄስ ኸርበርት ቢጊሎው ሲሆኑ እሳቸውም የለውጥ ደጋፊ ነበሩ፡፡ ቤከር በጥር 1912 የክሊቭላንድ ከንቲባ ሆነዋል፡፡ መስከረም 3 ቀን 1912 የኦሃዮ ሕዝብ ለከተሞች ራስን በራስ የማስተዳደር ሥልጣን የሚሰጠውን አንቀጽ አጸደቀ፡፡ በአንቀጹ መሠረት ከተሞች የራሳቸውን ቻርተር መጻፍ፣ የመብራት፣ የውኃና የትራንስፖርት ድርጅቶችን ባለቤት ሆነው ማስተዳደር ይችላሉ፡፡ ክሊቭላንድ ቻርተሯን በ1913 አጸደቀች፡፡ በ1914 የከተማው ትልቅ የመብራት ማመንጫ ሥራ ጀመረ፡፡ ጅምሩ ጆንሰን በዘመናቸው ከተጎራባች መንደር ጋር ያገኙት አነስተኛ ማመንጫ ነው፡፡

ይህ የመብራት ድርጅት ከ60 ዓመታት በኋላ ሌላ ከንቲባን ፈተነ፡፡ በታኅሣሥ 1978 ባንኮች የከተማዋን ዕዳ ላለማራዘም ሲወስኑ፣ ወጣቱ ከንቲባ ዴኒስ ኩሲኒች ድርጅቱን ሸጠው ዕዳውን እንዲያቃልሉ ግፊት ተደረገባቸው፡፡ አልሸጥም አሉ፡፡ ክሊቭላንድ ዕዳዋን መክፈል አቃታት፡፡ በየካቲት 1979 ሕዝቡ ድርጅቱ እንዳይሸጥ ድምፅ ሰጠ፤ በዚያው ዓመት ግን ኩሲኒች ከሥልጣን ወረዱ፡፡

አንቀጹ ሙሉ ነፃነት አልሰጠም፡፡ ከተሞች የፖሊስ፣ የጤናና መሰል ደንቦችን ማውጣት የሚችሉት ደንቡ ከግዛቱ ‹‹ጠቅላላ ሕግ›› ጋር እስካልተጋጨ ድረስ ነው፡፡ ቀዳዳው ያለው እዚህ ላይ ነው፡፡ ጠቅላላ ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤቱ ነውና፡፡ በ2006 ምክር ቤቱ ከተሞች የጦር መሣሪያን በተመለከተ የራሳቸውን ገደብ እንዳያወጡ ከለከለ፡፡ ክሊቭላንድ ከሰሰች፤ በ2010 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደባት፡፡ የከተማ ሠራተኛ በከተማው እንዲኖር የሚያስገድድ ደንብን የሚሽረው የግዛት ሕግ በ2009 ጸና፡፡ በ2016 መጨረሻ ከተሞች የራሳቸውን ዝቅተኛ ደመወዝ እንዳይወስኑ የሚከለክል ሕግ ወጣ፡፡ በጊዜው በክሊቭላንድ የ15 ዶላር ዝቅተኛ ደመወዝ ጥያቄ ለሕዝበ ውሳኔ እየተዘጋጀ ነበር፡፡ በ2019 ደግሞ ከተማዋ በምትከፍልባቸው ግንባታዎች ለነዋሪዎቿ የሥራ ድርሻ እንዲሰጥ የምታስገድድበት ደንብ በግዛቱ ሕግ ተሸነፈ፡፡

የግዛቱ ወገን መከራከሪያ እንዲያው የሚናቅ አይደለም፡፡ በአንድ ግዛት ውስጥ በየከተማው የተለያየ ሕግ ሲኖር ለነጋዴውም ለተጓዡም አስቸጋሪ ነው፡፡ ከተማ የራሱን አናሳ ነዋሪ ሊበድል፣ በዕዳ ሊዘፈቅ፣ የራሱን ጥቅም ብቻ ሊያይ ይችላል፡፡ ዲሎንን ያሳሰባቸውም ይኸው ነበር፡፡ የጆንሰን መልስ ግን ሥልጣንን ማራቅ ብልሹነትን አያጠፋም የሚል ነበር፡፡ ብልሹነቱ ሕዝቡ ወደማያየው ቦታ ይሄዳል እንጂ፡፡ ኩባንያዎቹ ከከተማው አዳራሽ ይልቅ ኮሎምበስን የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ጆንሰን የጀመሩትን አብዛኛውን ሳይጨርሱ ሞተዋል፡፡ ከሽንፈቶቻቸው ሁሉ የ1908ቱ ሕዝበ ውሳኔ የተለየ ነው፡፡ የገዢነት ምርጫውን ያሸነፏቸው የገጠር መራጮች ናቸው፤ የግብር ትግሉን ያከሸፈው ኮሎምበስ ነው፤ ሐዲዱን ያገደው ፍርድ ቤት ነው፡፡ በ605 ድምፅ ያሸነፋቸው ግን የራሳቸው ከተማ ሕዝብ ነበር፡፡ ጆንሰን ውጤቱን ተቀበሉ፡፡ ከተማ ራሱን ይግዛ ብሎ ሲታገል የኖረ ሰው፣ ከተማው በራሱ ላይ ሲፈርድ ይግባኝ ሊል አይችልምና፡፡